ፈቃድ የሌለው ለቅሶ

አክስቴ ካዛንቺስ፣ በቀበሌ ቤታችን የፊት ክፍል ውስጥ ፀጉር ትሠራ ነበር። ታፔላ የለም፣ ፈቃድ የለም፤ ያለው አንድ የፀጉር ማድረቂያ ካስክ፣ የተሰነጠቀ መስታወትና የሰፈሩ ሴት ሁሉ ነው። እኔን ያሳደገችኝም፣ ዩኒቨርሲቲ ያስገባችኝም ያቺ ክፍል ናት።

ያኔ የሁለተኛ ዓመት የኢኮኖሚክስ ተማሪ ነበርኩና አፌ አያርፍም። "መጥፎ ፀጉር ሠሪን ገበያው ራሱ ያባርራታል፤ መንግሥትን ምን ጥልቅ አደረገው?" እላለሁ። አክስቴ ደግሞ፣ "ሹሩባ ለመሥራት ፈቃድ ካስፈለገ፣ ነገ ለማስነጠስም ማመልከቻ ጻፉ ይሉናል" ትላለች። ለነገሩ ፈቃዱ ከመኖሪያ የተለየ ክፍልና የራሱ የውሃ ቧንቧ ይጠይቃል፤ እኛ ቧንቧ የምንጋራው ከግቢው ሰው ሁሉ ጋር ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ጎረቤታችን በመስኮት "ተቆጣጣሪ መጣ!" ብላ ተጣራች። ክፍሉ በደንበኛ ሞልቷል፤ የእኔ ፀጉር ግራው ተሠርቶ ቀኙ እንደ ጭድ ቆሟል። አክስቴ ማበጠሪያዋን ትራስ ሥር ወሸቀችና "ተከናነቡ!" አለች። ሁላችንም ነጠላ ውስጥ ገባን። ወጣቱ ተቆጣጣሪ ፋይሉን በብብቱ ይዞ ገባና፣ "ምነው፣ ምን ሆናችሁ?" አለ።

"ለቅሶ ላይ ነን ጌታዬ" አለች አክስቴ። "ባለቤቴ አረፈ።"

ባሏ ጥሏት ከሄደ ዓመታት አልፈዋል፤ ኦሎምፒያ አካባቢ ከሌላ ሴት ጋር በሙሉ ጤና ይኖራል። አንዷ ደንበኛ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከትታ ትንቀጠቀጣለች፤ ለማያውቅ ሰው የምታለቅስ ትመስላለች።

አንድ ነገር ግን ረስተን ነበር። የእኛ ሰው ለቅሶ ቤት ገብቶ ሳይቀመጥ አይወጣም። ሰውዬው "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" ብሎ ካስኩ ሥር ተቀመጠ። ከዚያ መሐረብ አወጣና "እማዬ" እያለ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ሳቃችን እዚያው ደረቀ። ለቅሶ ቤት ሁሉም የሚያለቅሰው የራሱን ሙት ነውና፣ ጥቂት ቆይቶ እኛም ከምር እናለቅስ ነበር።

ሲወጣ አክስቴ አላስቻላትም፤ እስከ ግቢው በር ተከትላው ሮጠች። እኔም ግማሽ ሹሩባዬን ይዤ ከኋላ።

"ልጄ፣ የሞተብኝ ሰው የለም። ዋሸሁህ" አለችው።

"አውቃለሁ እትዬ፣ የፀጉር ቅባቱ ከበር ይሸታል" አለ። "እናቴ ስትሞት ቀብሯ ላይ አልደረስኩም፣ ማለቴ ሥራ ላይ ነበርኩ። በቃ፣ እዚህ ቁጭ ስል መጣብኝ።" ዓይኑን ጠረገ። "እስከ ወሩ መጨረሻ ፈቃድ ያውጡ። አለዚያ አሽጋለሁ።"

አክስቴ እስከ ለገሃር ድረስ ክፍል ፈለገች፤ ቧንቧ ያለው ሁሉ ኪራዩ አይቀመስም። እኔ ግን "ቤታችን ቁጭ ብሎ ያለቀሰ ሰው ተመልሶ አያሽግም" እያልኩ አጽናናት ነበር። ከልቤ አምኜበታለሁ።

በወሩ መጨረሻ መጣ። ወረቀቱን በሩ ላይ ሲለጥፍ ቀና ብሎ አላየንም። እኔ ስለ ገበያ የተማርኩትን ሁሉ ረስቼ፣ በንዴት ወረቀቱ ላይ አፈጠጥኩ። አክስቴ ለጥፎ እስኪጨርስ ቆማ ጠበቀችው።

"የእናትህን ነፍስ ይማርልህ" አለችው። "ያን ቀን ሳልልህ ነው የሄድከው።"