ከኬላው ወዲያ ያለው ቁልቁለት

ሜንጊያ ሽፕሉገን የምትባል የስዊዘርላንድ ተራራማ መንደር ልጅ ናት። አባቷ በየዓመቱ በረዶው ሲላላ የተራራውን መንገድ ይጠርግ ነበር፤ እሷ ደግሞ የወተት መኪና ስትነዳ ቆይታ ወደ ቢጫው የሕዝብ አውቶቡስ ተዛወረች። በጋውን ሙሉ ከስዊዘርላንድ ትነሳና ተራራው ጫፍ ላይ ያለውን አሮጌ የድንበር ኬላ አልፋ ጣሊያን ትወርዳለች። መሪ ላይ እጇ የረጋ ነው፤ ያልገባት ነገር ካለ ግን ሳታጣራ አታርፍም።

ያን ዓመት እረፍት የነሷት አባባ ሉዚ ነበሩ። ጡረታ የወጡ እንጨት ቆራጭ ናቸው። ማክሰኞ ማክሰኞ ፀጉራቸውን በውሃ አስተኝተው ይሳፈራሉ፣ ኬላው ጋ ይወርዳሉ፣ ከሰዓት ስትመለስ እዚያው ይጠብቋታል።

«ከድንጋይና ከነፋስ በቀር እዚህ ምን አለ?» አለቻቸው።

«ነፋሱ ይስማማኛል። አንቺ መንገድሽን እይ።»

አንድ ቀን ኬላው አጠገብ ላሞች መንገድ ዘጉባትና ወረደች። ከኬላው ጀርባ አባባ ሉዚ ከአንዲት ሽበታም ሴት ጋር ካርታ ይጫወታሉ፤ መካከላቸው ዳቦና ፎርማጆ ተዘርግቷል።

«አጭበርባሪ! ከእጅጌህ ነው ያወጣኸው!» ትላለች ሴትዮዋ።

ሲመለሱ ሜንጊያ ሳትናገር ማለፍ አልቻለችም። «ቆንጆ ናቸው።»

«ማን?»

«ነፋሱ።»

ሽማግሌው ሳይወዱ ሳቁ። ሴትዮዋ ኤርኔስታ ትባላለች፤ ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ ጣሊያን ውስጥ ካለው ኢዞላ መንደር የወንድሟ ልጅ በመኪና ያመጣታል።

«ታዲያ እርስዎ ለምን አይወርዱም?»

አባባ ሉዚ ታናሽ ወንድማቸው ግንድ የጫነ መኪና ይዞ በዚያ ቁልቁለት ሲወርድ ፍሬን እምቢ ብሎት እንደሞተ ነገሯት። ከዚያ ወዲህ ከኬላው አላለፉም።

«የት ጋ ነው?»

«እንጃ። ሄጄ አላየሁም።»

ሜንጊያን ይህ መልስ ሲከነክናት ሰነበተ። በሚቀጥለው ማክሰኞ ኬላው ጋ በሩን አልከፈተችም። «ኤርኔስታ ዛሬ አይወጡም፤ ትናንት ሳልፍ ነግሬያቸዋለሁ። አጠገቤ ይቀመጡ፣ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው። ካልሆነልዎ ከኬላው በታች ያለው ሐይቅ ጋ እናቆማለን።»

«ተንኮለኛ!» አሉና እጀታውን ጨብጠው ቆሙ። ተሳፋሪው ሁሉ አያቸው። ተቀመጡ፤ ዓይናቸውንም ጨፈኑ።

«የት ደረስን?»

«ሐይቁን አለፍን።»

«አሁንስ?»

«ፍየሎች ቆመውብናል። አንዷ አፍጥጣብኛለች።»

«ምን ዓይነት ፍየል?»

«ዓይንዎን ገልጠው አያዩዋትም?»

ገለጡ። ከዚያ በኋላ ጥያቄው አላባራም፦ ያ ቤት የማነው? ውሃው ወዴት ይወርዳል? አንድ የመንገዱ እጥፋት ላይ ለሞተ ሰው የተተከለ ትንሽ የብረት መስቀል ሲያዩ እጃቸውን አነሱ። ሜንጊያ አቆመች። ወርደው ቁልቁል ረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ታች አንድ ሰው የታጨደ ሣር ያገላብጣል።

«ሣር ነው» አሉ ተመልሰው። «ለእኔ ሁልጊዜ ገደል ብቻ ነበር የሚታየኝ።»

ኢዞላ ሲደርሱ ኤርኔስታ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ደጃፏ ላይ ቆማለች። «ለዚህች ቁልቁለት ነው ያን ሁሉ ዓመት ተራራ ያስወጣኸኝ?» አለችና ፊቷን አዙራ እንባዋን ጠረገች።

በረዶው መንገዱን ሳይዘጋ አባባ ሉዚ መጥረቢያቸውንና አንድ ሻንጣ አስጭነው ብርዱን ኤርኔስታ ዘንድ ሊያሳልፉ ወረዱ። ሜንጊያ እንዴት እንደሚኖሩ ሳታይ ክረምቱ አልገፋ አላት። የተራራው መንገድ በበረዶ ስለተዘጋ በእረፍት ቀኗ በረጅሙ የመኪና ዋሻ በኩል ዞራ ሄደች። በመስኮት ስታይ እሳቸው የበቆሎ ገንፎ ያማስላሉ፣ ኤርኔስታ ትቆጣቸዋለች።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ሆነሽ መጣሽ?» አሉ በሩን ከፍተው።

«ምንም። እንዴት እንዳላችሁ ላይ ብዬ ነው።»

ኤርኔስታ ገበታው ላይ አንድ ሳህን ጨመረች።