አንቺ ይበሉኝ

በምርጫ ቅስቀሳው ሰሞን ስለ መንገድ፣ ስለ መብራት፣ ስለ ማዳበሪያ ስንቱን ተናግሬ ነበር። ዛሬ ከዚያ ሁሉ አንዱን እንኳ የሚያስታውስልኝ ሰው የለም። ሰው ያልረሳልኝ አንዲት ቃል ብቻ ናት። ቃሏም «አንተ» ናት።

ነርስ ሆኜ የምሠራው ደብረ ታቦር ቢሆንም ለወረዳው ምክር ቤት የተወዳደርኩት ጉና ግርጌ ካለችው የትውልድ ቀበሌዬ ነው። የሌላው ፓርቲ እጩ ደግሞ አንደኛ ክፍል ፊደል ያስቆጠሩኝ፣ አሁን ጡረታ የወጡት መምህሬ ነበሩ። ቀበሌያችንን ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል። የታችኛው ጎጥ ዘመዶቼ ናቸው፣ ከእኔ ጋር ሆኑ፤ የላይኛው ጎጥ ከእሳቸው ጋር ሆነ። ለቅሶ ቤት እንኳ ለየብቻ እስከመቀመጥ ደርሰን ነበር።

በመጨረሻው ሳምንት ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ አከራከሩን። እሳቸው ተነሡና ፈገግ ብለው «ይህችን ልጅ ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ። ጎበዝ ናት፤ ግን ገና ልጅ ናት» አሉ። ሰው በሳቅ ፈረሰ። እኔ አርባ ዓመት የሞላኝ፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ደሜ ፈላ። ማይኩን ነጠቅ አድርጌ፣ «አንተ ፊደል አስቆጠርከኝ እንጂ አንደበቴን አልገዛኸውም!» አልኩ።

ወጣቱ አፏጨ፣ አጨበጨበ። ሽማግሌዎቹ ግን አቀርቅረው መሬት መሬቱን አዩ። በእኛ አገር ሰው የገዛ አባቱን አንቱ ነው የሚለው። እኔም እኚህን ሰው ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ አንቱ ስል ኖሬአለሁ። አፌን አዳልጦኝ ቢሆን ደግ ነበር። አላዳለጠኝም። ቃሏን ከመናገሬ በፊት መርጫታለሁ፤ ወጣቱ እንደሚያጨበጭብልኝም አውቅ ነበር።

በጥቂት ድምፅ አሸነፍኩ።

በዚያው ክረምት ወንዙ ሞላና ሁለቱን ጎጦች የሚያገናኘውን የእንጨት ድልድይ ይዞት ሄደ። የላይኛው ጎጥ ሰው በሽተኛ በቃሬዛ ተሸክሞ ይመጣና ውሃው እስኪጎድል ዳር ቆሞ ይጠብቃል። መሐንዲሱ አዲሱ ድልድይ ከፍ ብሎ ድንጋያማው ቦታ ላይ ይሠራ አለ። ለመንገዱ ግን የላይኛው ጎጥ ገበሬዎች ከገብስ ማሳቸው ጥቂት ጥቂት መልቀቅ ነበረባቸው። እነሱ ደግሞ እኔን ሊሰሙኝ ቀርቶ ሰላምታዬንም አይመልሱም።

መምህሩን እንዴት ብዬ ልለምናቸው እያልኩ ስጨነቅ ራሳቸው ቀበሌው ጽሕፈት ቤት መጡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው በሩ ላይ ቆሙ።

«ስለ ድልድዩ ነው የመጣሁት። ጊዜ ካለዎት ያነጋግሩኛል?» አሉኝ።

ሌላ ሰው ከኋላዬ የቆመ መስሎኝ ዞሬ አየሁ። ማንም የለም። አንቱ ያሉት እኔን ነው። እያፌዙብኝ ይሆን ብዬ ፊታቸውን አየሁት፤ ፌዝ የሚባል ነገር አልነበረበትም።

ምን ብዬ ልመልስ? አንተ ማለት ከእንግዲህ አልችልም። አንቱ ብላቸው ደግሞ ያን ቀን የተናገርኩት ለድምፅ ብዬ መሆኑን በገዛ አፌ ማመኔ ነው። ስለዚህ ባለቤት የሌለው አማርኛ ፈጠርኩ። «ወንበር አለ» አልኩ። «ሻይ ይምጣ?» አልኩ። «ነገ ጠዋት መሄድ ይቻላል?» አልኩ። እስቲ ሞክሩት፤ በእኛ ቋንቋ አንድን ሰው ለመጥራት እንኳ መጀመሪያ ማን እንደሆነ መወሰን አለባችሁ። ከግድግዳው ጋር የማወራ ይመስል ነበር።

ሁለት ሳምንት አብረን በየደጁ ዞርን። «የምክር ቤታችን አባል እሳቸው ናቸው፤ የሚሉትን ስሙ» ይላሉ መምህሩ። እሳቸው የሚሉት እኔን ነው። ገበሬዎቹ አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን ያዩና እሺ ይላሉ። ልጅ አይደለሁም ብዬ ነበር የጮህኩት፤ ይኸው እንዳልኩት ሆነልኝ። ሥራው በተቃናልኝ ቁጥር እኔ ቀና ብዬ መሄድ አቃተኝ።

ያስቸገረችን አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ማሳዋ መንገዱ የሚያልፍበት ላይ ነው። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

«መምህራችንን በሰው ፊት አንተ ያልሽ አንቺ ነሽ? ለአንቺማ ስንዝር መሬት አልለቅም!»

የምገባበት ጠፋኝ። እሳቸው ቀደሙኝና «ኧረ ተይ! እሳቸው ተናደው ነው፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ልጅ ናት ብዬ ሰው ያሳቅሁባቸው እኔ ነኝ» አሏት።

ሴትዮዋ ማሳውን ለቀቀች። የእሷ ቁጣ ይገባኛል፣ ቻልኩት። የእሳቸው ለእኔ ጥብቅና መቆም ነው ያቃጠለኝ።

ስንመለስ አንድ የድሮ ነገር ትዝ አለኝ። አንተንና አንቱን ሲያስተምሩን እጄን አውጥቼ «እግዜርን ለምን አንቱ አንለውም?» ብዬ ጠይቄአቸው ነበር። ሳቁና «ስለሚቀርበን ነዋ! እኔስ አንቺ የምልሽ ስለምትቀርቢኝ አይደል?» አሉኝ። ያን ቀን ቤት እስክደርስ በደስታ ሮጫለሁ።

ውሃው ጎደል ሲል ወንዙን የምንሻገረው በተጋደመ ግንድ ነበር። ይህን እያሰብኩ መሀል ስደርስ እግሬ አዳለጠኝና በአንድ ጎኔ ተንጠለጠልኩ።

«እጄን ያዥ! ያዥኝ ልጄ፣ እግርሽን አንሺ!»

ጎትተው አወጡኝ። ጉልበቴ ተልጧል፣ ልብሴ ጭቃ በጭቃ ሆኗል፤ እኔ ግን ደስታዬን አልቻልኩትም። ልጄ ብለውኛል። እሳቸው ትንፋሻቸው እስኪመለስ ቆም አሉና፣ «ተጎዱ እንዴ?» አሉኝ።

እዚያው ጭቃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። ያን ቀን አንተ ያልኩዎት ተናድጄ ብቻ አይደለም፤ አውቄ ነው፣ እንዲያጨበጭቡልኝ ነው። እባክዎ እንደ ድሮው አንቺ ይበሉኝ።»

ወደ እኔ ጎንበስ አሉ።

«ይቅርታውን እንኳ የዚያኑ ዕለት አድርጌአለሁ» አሉ። «ቂም የያዝኩብዎ እንዳይመስልዎ። አንቺ ማለቱን ግን ስንት ጊዜ ሞከርኩት፤ አፌ እምቢ አለኝ።»

ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው አነሡኝ።

በጋው ሳያልቅ ድልድዩ ተሠራ። በምረቃው ቀን የሁለቱም ጎጥ ሰው ተቀላቅሎ ወጣ። እሳቸው የድልድዩ ጫፍ ላይ ቆመው ሰውን ያሳልፋሉ። ያችን ሴት «ተሻገሪ እንጂ፣ መንገዱ ያንቺ አይደል!» ይሏታል። በቅሎ የሚስበውን ጎረምሳ «አንተ፣ ቀስ አድርገህ ያዛት» ይሉታል። ተራው የእኔ ሲሆን ባርኔጣቸውን አወለቁና ወደ ዳር ጠጋ ብለው መንገዱን ለቀቁልኝ።

«ይለፉ» አሉኝ።

አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ።