ለክፉ ቀን የታሰሩ ሁለት ጎማዎች

ያንን ዳገት እኛ «ጭቃው» እያልን ነበር የምንጠራው። ሌላ ስም ይኖረው ይሆናል፤ ግን ያገሩ ሰው በጦርነቱ ሸሽቶ ባለቀበት ማንን ትጠይቃላችሁ? ከወንዙ እስከ አናቱ ቢበዛ ሦስት መቶ እርምጃ ነው። ለማንም ሳላወራው ኖሬ ባለፈው ሳምንት ፒያሳ፣ የከድር ጎሚስታ ደጃፍ ላይ አወራሁት። ያስወራችኝ ልጄ ሂሩት ናት።

ሂሩት የከብት ሐኪም ናት። ክረምት ሲገባ ክትባት በፒክአፕ ጭና ገጠር ትወርዳለች። ጎማዎቿ ሊያልቁ ስለተቃረቡ ሌላ ልንመርጥ አብረን ወጣን። ከድር የወሎ ሰው፣ የዶሮ ማነቂያ ሰፈር ጎረቤቴ ነው፤ ሲመርቅም ሲሸጥም አይቸኩልም። ለአስፋልት የሚሆነውን፣ ጥርሱ ደቀቅ ያለውን አሳያት። ቀጥሎ የጭቃውን አወጣ፤ በጥርሶቹ መሃል ጣት ይገባል። ጭቃ ተጣብቆበት አይቀርም፣ ሲዞር ይተፋዋል አላት፤ ክፋቱ አስፋልት ላይ ይጮሃል፣ ቶሎም ያልቃል። ልጄ የጭቃውን መረጠች። ደስ አለኝ። ወዲያው ግን አሮጌዎቹ እንዳይወልቁ፣ አዲሶቹ አራት ጎማዎች በትርፍ የብረት ቸርኬ ተገጥመው ከኋላ እንዲጫኑ ነገረችው።

«አስፋልት ላይ ለምን ይለቁ አባዬ? ለክፉ ቀን ይሁኑኝ። ጭቃው ሲመጣ እቀይራለሁ።»

መቀመጫ ጠየቅሁ። ከድር በርጩማ አቀበለኝ። ያንኑ ቃል አንድ ቀን እኔው ራሴ ተናግሬው ነበር።

በዚያ የጦርነት ክረምት አሥር አለቃና የቁስለኛ መኪና ሾፌር ነበርኩ። ረዳቴ ወታደር ታደሰ ይባላል፤ አትክልት ተራ በተሸካሚነት የኖረ፣ ምላሱ የማያርፍ ሰው ነበር። ለኋላ እግር ሁለት አዲስ የጭቃ ጎማ ታደለን። ዛሬውኑ ግጠሙ ተብለናል። እኔ ግን ከወንዙ ወዲህ መንገዱ ኮረኮንች ነው፣ ጥርሳቸው ለምን ይበላ ብዬ ከነቸርኬያቸው መኪናው ላይ አሰርኳቸው። ለክፉ ቀን ይሁኑን አልኩ። እናቴም ጥሩውን ነጠላዋን ከሣጥን ሳታወጣ ነው የሞተችው፤ ከቤት ይዤው የወጣሁት ዐመል ነው። ታደሰ ሳቀብኝ።

«አለቃ፣ ጎማ ለሠርግ ነው እንዴ የምናስቀምጠው?»

ትእዛዙ የደረሰን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ስምንት ቁስለኞች ከግንባር ወደ ኋላ ሆስፒታል እንድናደርስ ታዘዝን። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። ዳገቱን የጠላት መድፍ ከፊት ለፊት ያየዋል፤ ጉም እስካለ ድረስ ግን ተሸፍነናል። አሥር ሰዓት ላይ ወንዙን ተሻገርን። ዳገቱ እኩሌታ ላይ ልሙጡ ጎማ ዞረ፣ መኪናው ቆመ። ነዳጅ ረገጥኩ። ወደ ገደሉ ተንሸራተተ። ታደሰ ዘሎ ወርዶ ድንጋይ ደገፈልን። የጎማውን ነፋስ ቀነስን። ቅጠል ቆርጠን አነጠፍን። እምቢ አለ።

«ጎማዎቹን እናውርድ» አለ ታደሰ። በዚህ ጊዜ አልሳቀም።

ክሪኩ ጭቃው ውስጥ ሰመጠ። የጥይት ሣጥን ከሥሩ አስገባን፤ ሣጥኑም ሰመጠ። ድንጋይ ጨመርን። መኪናው ከፍ ባለ ቁጥር ቁስለኞቹ ያቃስታሉ። ሆዱን የተመታው አንዱ በየደቂቃው ደረስን ወይ ይለኛል። ልንደርስ ነው እለዋለሁ። የመጀመሪያውን ጎማ ስናስገባ መጠየቁን ተወ። ቀና ብዬ ለማየት ፈራሁ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጉሙ ተገፈፈ። አንድ የመድፍ ጥይት ወንዙ ላይ ወደቀ። ሁለተኛው ቀረበ። ሁለተኛው ጎማ ገብቷል፣ ክሪኩም ወርዷል፤ የቀሩን ሁለት ቡሎኖች ናቸው።

«አለቃ፣ አንተ ሞተሩን አስነሳ። እኔ አጠብቃቸዋለሁ።»

ገባሁ። ሦስተኛው ጥይት ከኋላችን ፈነዳ። በመስታወቱ ታደሰን ፈልጌ አጣሁት። ወርጄ አገኘሁት፤ መፍቻው ከእጁ አልወጣም። ከቁስለኞቹ ጎን አስተኛሁትና ነዳሁ።

መኪናው በመጀመሪያው ሙከራ ወጣ። አንዴም አልተንሸራተተ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ሆስፒታሉ በር ላይ ቆጠርን። ከስምንቱ ሦስቱ አልፈዋል፤ አንዱ ደሙ ፈስሶ፣ ሁለቱ በፍንጣሪ። ከታደሰ ጋር አራት። ማንም አልወቀሰኝም፤ ሪፖርቱ ላይ የተጻፈው የመንገዱ ብልሽት ነው። መድፉ የጠላት ነበር። አንድ ሰዓት ሙሉ እዚያ ያቆምኳቸው ግን እኔ ነኝ። ክፉ ቀን ሲመጣ ጎማ መቀየሪያ ጊዜ ይዞ እንደማይመጣ ያወቅሁት በእነሱ ነው።

ይህን ሁሉ ለሂሩት ነገርኳት። ዓይኗን ጠርጋ ወደ ጎሚስታው ዞረች።

«ጋሼ ከድር፣ አራቱንም አሁኑኑ ይግጠሙልኝ።»

ከድር ክሪኩን ደረቁ ድንጋይ ላይ አቁሞ አንድ በአንድ ገጠማቸው። አራተኛው ላይ ሲደርስ ተነሥቼ መፍቻውን ለመንኩት። የመጨረሻዎቹን ሁለት ቡሎኖች እኔ አጠበቅኋቸው።