ጫማ አለስላሾቹ

ሳሪስ አቦ፣ ከቤተክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ካለው ጫማ ሰፊ ዘንድ የሄድኩት ተረከዝ ላስመታ ነበር። ሰውዬው ጭኑ ላይ ያስቀመጠውን አዲስ ቆዳ በሞራ ሲያሸው ደረስኩ። ሽታው አፍንጫዬ ሲገባ ምን ፈልጌ እንደመጣሁ ጠፋኝ። ያመመኝ መስሎት "እናቴ፣ አረፍ ይበሉ" ብሎ በርጩማውን ለቀቀልኝ። አላመመኝም። ሞራና አዲስ ቆዳ ለእኔ የወንድሜ እግር ሽታ ነው።

በጃንሆይ ጊዜ አቃቂ የምንኖረው በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጡሩምባ ነበር፤ በእሱ እንነሳለን፣ በእሱ እንበላለን። እናቴ ፈትል ክፍል ስለምትሠራ የጥጥ ብናኝ ፀጉሯን አሽብቶት ትገባለች። ታላቅ ወንድሜ ማቅለሚያ ክፍል ነበር። በዚያ ሳምንት ጨርቁ ምን ቀለም እንደተነከረ ወንዙን አይቶ ማወቅ ይቻላል፤ አንዳንዴ ሰማያዊ፣ አንዳንዴ ደም የመሰለ ይወርዳል። የወንድሜም እጅ እንደ ወንዙ ነበር። ከዚያ ክፍል እንፋሎት ሳል ሳይዘው የወጣ ሰው አላውቅም። ለጎረምሶቹ የሚታያቸው መውጫ ኳስ ብቻ ነበር። ለፋብሪካው ዋና ቡድን የተሰለፈ ሰው ከማቅለሚያ ይነሣና ዕቃ ግምጃ ቤት ይመደባል፤ ቁልፍ ይዞ፣ ንጹሕ አየር እየሳበ ይውላል። ወንድሜ ከዚህ ሌላ የፈለገው ነገር አልነበረም።

የነበረው ግን ሁለተኛው ቡድን ውስጥ ነው። የሰፈራችን ሽማግሌዎች የዋናውን ቡድን አሰላለፍ ዛሬም በቃላቸው ይወጡታል፤ ሁለተኛውን ስትጠይቋቸው "እነ አለስላሽ?" ብለው ይስቃሉ። እኔ ማንበብ የተማርኩት ትዳር ከያዝኩ በኋላ፣ በማታ ትምህርት ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ኳስ የተጻፈ ነገር ባገኘሁ ቁጥር ሁለተኛውን ቡድን እፈልገዋለሁ። የለም። ስለዚህ ነገሩ እንዴት እንደነበር እኔው በትክክል ልንገራችሁ።

የዚያን ጊዜ ታኬታ እንደ ጣውላ የደረቀ ነበር። አዲስ ሲመጣ በሞራ ታሽቶ ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፍና እርጥቡን ሁለተኛው ቡድን ያጠልቀዋል። እሁድ ከዋናው ጨዋታ በፊት በጠራራ ፀሐይ ይጫወቱበታል፤ ቆዳው እግራቸው ላይ እየደረቀ የእግር ቅርጽ ይይዛል። ጨዋታው እንዳለቀ አውልቀው፣ ከነሙቀቱ፣ የእግር ልኩ ለገጠመው የዋናው ቡድን ተጫዋች ያስረክባሉ። እያንዳንዱ አለስላሽ የራሱ ባለጫማ ነበረው። የወንድሜ ባለጫማ አጥቂው ነበር፤ ሲያልፍ ሕፃናት የሚከተሉት፣ ሴቶች ከበር ብቅ ብለው የሚያዩት።

ወንድሜ የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጫማ መጋራታቸውን የአጥቂው ምትክ የመሆን ያህል ቆጠረው። "አሰልጣኙ ዝም ብሎ የእሱን ጫማ አይሰጠኝም፤ ነገ ቦታውን ልይዝ ነው" ይለን ነበር፣ እግሩን ለብ ባለ የጨው ውኃ ሳጥብለት። ጥፍሮቹ ጠቁረዋል፤ የተረከዙ ቆዳ ከካልሲው ጋር ነው የሚላቀቀው። ወንድሜ እስኪሞት ድረስ ያ ጥፍር ተስተካክሎ አልበቀለም።

"አንተ፣ ይሄ እግር ነው ወይስ የተላጠ ድንች?" ትለዋለች እናቴ።

"ግምጃ ቤት ስገባ ይድናል፣ እማዬ።"

ምሳውን ይዤለት ስለምሄድ ከጎሉ ጀርባ ካለችው ጉብታ ላይ ተቀምጬ ሁሉንም አይቻለሁ። ወንድሜ ስለሆነ አይደለም የምለው፤ ኳስ ይችል ነበር። አንድ እሁድ ከመሃል ሜዳ ተነሥቶ ተከላካዮቹን አታሎ ያገባትን ጎል ያየነው እኔና ሜዳው ዳር የሚግጡት በጎች ነን። አሰልጣኙ በዚያ ሰዓት ከዋናው ቡድን ጋር ዛፍ ጥላ ሥር ያወጋል። ሲመጣም ስንት ለስንት ወጣችሁ አይልም። ታኬታውን ተቀብሎ ያጥፈዋል፣ ይዘረጋዋል፣ አፍንጫውን በአውራ ጣቱ ይጫነውና "ትንሽ ይቀረዋል" ይላል። ለዋናው ጨዋታ የሚሰበሰበው ተመልካችም "አለስላሽ፣ ቶሎ አውልቅ፣ ባለቤቱ መጣ!" እያለ ያፏጫል።

ከዚያ አጥቂውን መሃል ከተማ ያለ ትልቅ ክለብ ወሰደው። ወሬው ማቅለሚያ ክፍል የደረሰ ዕለት ወንድሜ ራቱን ሳይበላ ተኛ። እሁድ ጠዋት ተላጨ፤ ነጭ ሸሚዙን ለበሰ። እናቴ አንገትጌውን አስተካክላ ግንባሩን ሳመችው።

"ምሳዬን ዛሬ ዘግየት አድርገሽ አምጪው" አለኝ። "ዋናው ቡድን የሚጫወተው በኋላ ነው።"

አልዘገየሁም፤ ማየት ስለፈለግሁ ተከትዬው ሄጄ ከዛፉ ጀርባ ቆምኩ። ዛፉ ሥር አሰልጣኙ አዲስ አጥቂ ይዞ ተቀምጧል፤ ከድሬዳዋ የመጣ፣ አጠር ያለ ሰው። ወንድሜን ሲያየው "ና፣ ፊት ለፊቱ ተቀመጥ፤ አውልቅ" አለው። ወንድሜ እየሣቀ ተቀመጠ። አሰልጣኙ የሁለቱን ውስጥ እግር ገጥሞ አያቸው። የወንድሜ ጣቶች ከእንግዳው ጣቶች በላይ ተርፈው ታዩ።

"አይ፣ አንተ አትሆንም። ትንሽ እግር ያለው ጥሩልኝ!"

"ጋሼ፣ እኔ የመጣሁት ለጫማው አይደለም" አለ ወንድሜ። "ለቦታው ነው።"

"የምን ቦታ?"

"የአጥቂው።"

 በረኛው ሆዱን ይዞ "ኧረ ጉድ! አለስላሹ ጎል ሊያገባልን ነው!" አለ። ሌላው "ከእሱስ ባዶ ጫማው ሜዳ ቢገባ ይሻለናል" አለ፤ ሣቁ ሜዳው ማዶ ድረስ ተሰማ። አሰልጣኙ አልሣቀም። ቢሥቅ ይሻል ነበር።

"ልጄ፣ አንተን የያዝኩህ የጫማ ቁጥርህ ከሄደው አጥቂ ጋር አንድ ስለሆነ ነው እንጂ... እኔ እኮ ስትጫወት አይቼህ አላውቅም።"

ወንድሜ ጫማውን ለማሰር ጎንበስ አለ፤ ክሩን ለማሰር ብዙ ጊዜ ፈጀበት። ሰኞ ጡሩምባው ሲነፋ ወደ ማቅለሚያ ገባ። ሲያስል ድምፁን ከእናቴ ለመደበቅ ትራስ አፉ ላይ ይይዝ ነበር።

ዳግመኛ ወደ ሜዳው ዞር የሚል አልመሰለኝም። ብዙም ሳይቆይ ግን አንድ እሁድ "ነይ እንሂድ" ብሎኝ ጉብታው ላይ አብረን ተቀመጥን። የድሬዳዋውን ሰው ጫማ የሚያለሰልሰው ሽመና ክፍል የሚሠራ ጎረምሳ ነበር። ጨዋታው ሲያልቅ እያነከሰ ወጥቶ እኛ አጠገብ ዘፍ አለ፤ ካልሲው ደም ቋጥሯል። ወንድሜ ወርዶ ፊቱ ተንበረከከ።

"ጣቶችህን በጨርቅ ጠቅልላቸው። ካልሲህን ሳሙና ቀባው።"

ጎረምሳው የወንድሜን ባለቀለም እጅ አየ። "አንተ ነህ አይደል፣ ያስወጡህ?"

"እኔ ነኝ።"

"እኔን አያስወጡኝም። ዘንድሮ ዋናው ቡድን እገባለሁ። ዛሬ ስጫወት አሰልጣኙ እያየኝ ነበር፣ አይደል?"

ወንድሜ ወደ ዛፉ ተመለከተ። አሰልጣኙ ለሜዳው ጀርባውን ሰጥቶ ይሥቃል።

"አዎ" አለው፣ ደም ያጠበቀውን ክር ቀስ ብሎ እየፈታለት። "ዓይኑን ካንተ ላይ አልነቀለም።"