የተነቀለው ዘመድ

አትክልተኛው ታላቅ እህቱ ለዓይኗ ሕክምና ሆስፒታል ስትተኛ የአትክልት መደቧን በአደራ ተረከበ። በመደቡ ያሉት ቁጥቋጦዎች ሁሉ የባቄላ ዘመዶች እንደሆኑ ነግራዋለች። አንዱ ቅጠሉ እንደ ላባ የተተለተለ፣ አበባው እንደ ጥጥ የተድበለበለ ቢጫ ነው፤ ሌላው ቅጠሉ ሰፋ ያለ፣ አበባው ተንዠርጎ የሚወርድ። በመካከላቸው ግን ቅጠሉ እንደ ከብት ሰኮና ለሁለት የተከፈለ፣ ገና ያላበበ አንድ ነበር። እሱን ከሥሩ ነቅሎ አቃጠለው።

እህቱ እንደተመለሰች መደቡን በእጇ እየዳበሰች ፈለገች።

"ባለ ሰኮናዬስ?"

"እትዬ፣ ከሌሎቹ ጋር ምኑም አልመሳሰል ሲለኝ አረም መሰለኝ..."

"ዘመድ ሁሉ ይመሳሰላል ያለህ ማነው? ዓይኔ ጨርሶ ሳይከዳኝ አበባውን ለማየት ጓጉቼ ነበር እኮ!"

ጸጸቱ መቀመጫ ነሳው። ሰፈር ለሰፈር ሲያስስ አርፍዶ ያንኑ ቅጠል አንድ ግቢ ውስጥ አገኘና ወይን ጠጅ አበባ ያለው ቅርንጫፍ ለምኖ አመጣላት። እሷም ዓይኗ ሥር አስጠግታ አየችው።

"ያምራል። የዚህ ዓይነቱ ተክል አበባ ግን ነጭም፣ ቢጫም ይሆናል። የኔው ምን እንደነበር እንግዲህ ማን ያውቃል?"

ቅርንጫፉን ውሃ ውስጥ አቆመችው። "በል፣ ምሳህን ብላ" አለችው። እሱ ግን ምሳውን ሳይነካ ወደ መደቡ ወጣ።