በሁለት እጅ የተቀበልኩት ዱላ

የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት የዱላ ቅብብል ዱላ ይዛ መጣች። የእንጨት ነው፤ ቀይ ቀለም ተቀብቶ ጫፍና ጫፉ ተልጧል። በረንዳው ላይ፣ እኔ ፀሐይ የምሞቅበት አግዳሚ ላይ ጥላው ገባች። አነሳሁትና፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ አሸተትኩት። ቀለምና የእጅ ላብ ይሸታል። ከሃምሳ ዓመት በላይ እንዲህ ያለ ዕቃ አልያዝኩም ነበር፤ ሽታው ግን ያው ነው።

አንተ ደብተርህን ይዘህ ስለ ጣሊያን ዘመን ንገረኝ ስትል ስለ ጦርነቱ የምነግርህ ይመስልሃል። እኔ ጦርነቱን አላየሁትም። ጎጃም ሲዋጋ እኔ እሮጥ ነበር፤ ያውም በጠላት አገር፣ በጠላት ጫማ።

አባቴ በደምበጫ በኩል የታወቀ ባላባት ነበር፤ እጁን ለጣሊያን ሰጥቶ ነበር። ይህን አልሸፍንልህም፤ ጎረቤቶቻችንም ያኔ አልሸፈኑልንም። ደብረ ማርቆስ ምሽግ ገብቶ ጠመንጃውን ሲያስረክብ አንድ ልጅ ጨምር አሉት። ልጁ ባሕር ተሻግሮ ይማራል፣ ስፖርትም ይሠራል ተባለ። መያዣ መሆኔን አባቴም ያውቃል፣ የጣሊያኑ ሻምበልም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ሁላችንም ግን አፋችንን ሞልተን "ተማሪው" እንል ነበር። ዕድሜዬ አሥራ ስድስት ነበር።

እናቴ ብቻውን አልሰደውም አለች። ዳዊት ያስደገሙኝን ዲያቆን ሄዳ ለመነቻቸው። ዲያቆኑ የደብረ ኤልያስ ሰው ነበሩ፤ ሃያ አራት ዓመት ቢሆናቸው ነው፣ መበለት እናታቸውም ከእሳቸው ሌላ ልጅ አልነበራቸውም። አሁን ሳስበው ከልጆቼ ሁሉ ያነሱ ናቸው፤ አንቱ ማለት ግን አልተውኩም።

"አደራ፣ ከዓይንዎ እንዳይርቅ" አለቻቸው እናቴ።

"እኔ ቆሜ አይጠፋም፣ እመቤቴ" አሉ።

ሻምበሉ ቄስም ዲያቆንም አልፈልግም ብሎ ነበር። የሚፈልገው ሯጭ ነው። ከምሽጉ ሥር ባለው ሜዳ አንድ ቀን ጠዋት፣ ሣሩ ገና ጤዛ ሳለ፣ ሁላችንንም አሯሯጠን። ዲያቆኑ ነጠላቸውን አደግድገው ገቡና ሁሉንም ጥለው ወጡ። ያሠለጠናቸው የየመንደሩ ውሻ ነው፤ የቆሎ ተማሪ ሳሉ ቁራሽ ሲለምኑ ያባርራቸው ነበር። ይህን የሚያወሩት ራሳቸው ናቸው፣ እየሳቁ። ሻምበሉ ስማቸውን ጻፈ።

በጭነት መኪና ዓባይን ተሻገርን፤ ከዚያ ባቡር፣ ከዚያ መርከብ። የደረስንበት ከተማ ባሕር ዳር ያለ ነበር። አዳሪ ቤቱ ኖራና የተቀቀለ ጎመን ይሸታል። ከሊቢያም፣ ከሶማሌም፣ ከኛም አገር የመጡ ልጆች በየክፍሉ ታጉረናል። ጠዋት ፊደላቸውን እንማራለን፣ ከሰዓት በኋላ እንሮጣለን። እሑድ እሑድ የከተማው ሰው ከነልጁ እየመጣ በሽቦው አጥር በኩል ያየናል። እኔ በንዴት ፊቴን አዞር ነበር። ዲያቆኑ ጎንበስ ብለው እጅ ይነሷቸዋል።

"እንዴት ለነዚህ?" አልኳቸው አንድ ቀን።

"እንግዶቹ እኛ ነን። ሰላምታው የኛ ነው" አሉኝ።

ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ አይቀምሱም ነበር። አሰልጣኙ ይጮህባቸዋል፤ ጸጉሩን በዘይት የሚያስተኛ፣ ፊሽካውን በገመድ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰው ነው። እሳቸው ቋንቋው ያልገባቸው መስለው ያዳምጡታል፤ ከዚያ ይሮጡና ያሸንፋሉ። አሰልጣኙም ይተዋቸዋል።

የዱላ ቅብብል ያስተማረን ይኸው ሰው ነው። ሯጩ ዱላውን ይዞ ሲመጣ ተቀባዩ ጀርባውን ሰጥቶ መሮጥ ይጀምራል፤ ዞሮ አያይም፤ አንድ እጁን ወደ ኋላ ይዘረጋል፤ ዱላው መዳፉ ላይ ያርፋል። እንግዲህ አስበው። ጀርባ መስጠት፣ በአንድ እጅ መቀበል፣ የሰጪውን ፊት አለማየት። በኛ ቤት ከታላቁ ዕቃ እንዲህ የተቀበለ ልጅ ያን ቀን እራቱን አይበላም ነበር። እኔ ግን ቶሎ ለመድኩት፤ ምክንያቱም ዱላውን የሚሰጠኝ እኩያዬ የጎንደር ልጅ ነበር። ከሱ መንጠቅም ደስ ይለኝ ነበር።

ቡድናችን አራት ሰው ነው። ሁለት የጎንደር ልጆች፣ ዲያቆኑና እኔ። ዲያቆኑ ሁለተኛ ይሮጣሉ፣ እኔ መጨረሻ።

በሁለተኛው ዓመት መጋቢት ላይ ይመስለኛል፣ የአዳሪ ቤቱ ሹም ሰበሰበንና አንድ ነገር ተናገረ። የየአገሩ ቡድኖች በሕዝብ ፊት ይወዳደራሉ፤ ያሸነፈው ቡድን ለሁለት ወር አገሩ ይላካል። አዲስ ልብስ ለብሰን በየከተማችን እንድንታይላቸው ነው። ለምን እንደሆነ ለማወቅ ብልህ መሆን አያስፈልግም ነበር፤ ለእኛ ግን ጉዳያችን አልነበረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዲያቆኑ ሌላ ሰው ሆኑ። ሲሮጡ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። የእናታቸው ዓይን እየደከመ እንደነበር ሲወጡ ያውቃሉ፤ ከዚያ ወዲህ ወሬ የለም።

"ሁለት ወር ይበቃኛል" ይሉኛል ሣሩ ላይ ተቀምጠን እግራችንን ስናሽ። "ቤቷን እከድናለሁ። አንተንም ለእናትህ እጅ በእጅ አስረክባለሁ። ከዚያ ወዲያ ደብረ ኤልያስ ድረስ መጥቶ የሚመልሰኝን አያለሁ።"

እኔም ይህንኑ ነበር የምመኘው። ከቤት የወጡት በኔ ምክንያት መሆኑን ረስቼው አላውቅም።

የውድድሩ ዕለት ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ከባሕሩ የጨው ሽታ ይመጣል፤ የሰልፍ ሙዚቃ ይነፋል። ከመጀመራችን በፊት ሦስተኛ የሚሮጠው የጎንደር ልጅ ሰውነቱን ሲያሟሙቅ ቁርጭምጭሚቱ ዞረ። አሰልጣኙ ተሳድቦ ተሳድቦ ሲያበቃ አንድ የአሥመራ ልጅ ሁለተኛ አስገባ፣ ዲያቆኑንም ወደ ሦስተኛ አሳለፈ። ስለዚህ ዱላውን ለኔ የሚሰጡት እሳቸው ሆኑ። ያን ጊዜ ምንም አልመሰለኝም። ደስ ብሎኝ ነበር እንጂ።

ዲያቆኑ ዱላውን ሲቀበሉ ሦስተኛ ነበርን። መታጠፊያው ላይ ሶማሌውን አለፉ፤ ቀጥታው ላይ ሊቢያውን አልፈው ብዙ እርምጃ ራቁት። ጀርባዬን ሰጥቼ መሮጥ ጀመርኩ። እጄን ዘረጋሁ። እግራቸው ሲቀርብ ይሰማኛል፣ ትንፋሻቸውም። አሰልጣኙ ያስጠናን የጣሊያንኛ ቃል ነበር፤ ዱላው ሲደርስ እሱን መጥራት ነው። እሳቸው ግን በድካም መሃል "እንካ" አሉኝ።

ሲያስደግሙኝ ዳዊቱን ሲሰጡኝ በሚሉት ድምፅ ነው ያሉት። ቆምኩ። ዞርኩ። ጎንበስ ብዬ ዱላውን በሁለት እጄ ተቀበልኩ።

"እደግ" አሉኝ፣ እሳቸውም ቆመው፣ ቀኝ እጃቸውን ወደ ራሴ ዘርግተው።

ከዚያ ነው ሁለታችንም የነቃነው። የሕዝቡ ሳቅ እንደ በረዶ ወረደብን፤ ሊቢያው በአጠገባችን አለፈ። ሮጥኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ሮጬ አላውቅም፤ ጉሮሮዬ ደም ደም ብሏል። የመጨረሻው ገመድ ላይ ስደርስ ሊቢያው በአንድ ክንድ ቀድሞኝ ነበር።

አሰልጣኙ ዱላውን ከእጄ ቀምቶ እግሬ ሥር ወረወረውና ሄደ። ዲያቆኑ መጥተው አነሱት፣ አፈሩን በልብሳቸው ጠረጉት። እኔ ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም፤ አልቅሼም ነበር።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አልኳቸው።

"እደግ ያልኩትስ ማን ነኝ?" አሉኝ። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አላነሱብኝም። ቢያነሱብኝ ይሻለኝ ነበር።

የሊቢያ ልጆች አገራቸው ሄዱ። ብዙ ሳይቆይ ጣሊያን ወደ ትልቁ ጦርነት ገባና ባሕሩ ተዘጋ። ሩጫው ቀረ፤ ምግቡ አነሰ፤ በአጥሩ በኩል ሊያየን የሚመጣም ጠፋ። በጦርነቱ በሁለተኛው የፈረንጅ ክረምት፣ ያ በረዷማው፣ ዲያቆኑ ማሳል ጀመሩ። ሆስፒታል አስገቧቸው። ሐሙስ ሐሙስ እንድጠይቃቸው ይፈቀድልኝ ነበር። መጨረሻ ባየኋቸው ቀን ከትራሳቸው ሥር ዱላውን አወጡ። ጫፉ ላይ በምላጭ ትንሽ መስቀል ቀርጸውበታል።

"ይህን ለእናቴ ስጥልኝ" አሉኝ። "ቤቷ ባዶ እጅህን እንዳትገባ።"

በሁለት እጄ ተቀበልኩ። በሚቀጥለው ሐሙስ አልጋው ላይ ሌላ ሰው ተኝቶ ነበር።

(የልጅ ልጄ ግቢው ውስጥ ብቻዋን እየተለማመደች ነው። ዞር ሳትል እጇን ወደ ኋላ ትዘረጋለች። ጎበዝ ናት። ብትሳሳት እንኳ የማርማት እኔ አይደለሁም።)

አገሬ የገባሁት ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ነው። እናቴ ደጅ ላይ አቅፋኝ ስታለቅስ ዓይኗ ከትከሻዬ በላይ ሌላ ሰው ይፈልግ ነበር። አልጠየቀችኝም፤ ገብቷት ነበር። በሦስተኛው ቀን በበቅሎ ደብረ ኤልያስ ወረድኩ። ወሩ ታኅሣሥ ነው፤ አገሩ ሁሉ የታጨደ ጤፍና የደረቀ ጭድ ይሸታል። የዲያቆኑ እናት ቤት ጣራው በአንድ በኩል ወርዶ ነበር። አሮጊቷ ከደጃፉ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው ጥላ ብቻ ነው የሚለየው። መርዶው በሰው በሰው ቀድሞኝ ስለነበር ጥቁር ለብሰዋል።

ማን እንደሆንኩ ነገርኳቸው። ጎንበስ ብዬ ዱላውን በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። በሁለት እጃቸው ተቀብለው ዳበሱት፤ መስቀሉን በጣታቸው አገኙት፣ ሳሙት።

"ምንድን ነው?" አሉኝ።

ይህን ጥያቄ ዱላውን ከተቀበልኩበት ቀን ጀምሮ ስፈራው ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሩጫውን፣ የሁለት ወሩን ተስፋ፣ ቤትዎን እከድናለሁ ማለታቸውን። በአንድ እጄ ብቀበል ኖሮ ልጅዎ ይመጡ ነበር አልኳቸው። ይቅርታ መለመን አስቤ ነበር፤ አልለመንኩም።

አሮጊቷ መስቀሉን በጣታቸው መልሰው ዳበሱት። ከበረቱ በኩል ጥጃ ይጮሃል።

"ታዲያ ልጄ" አሉ በመጨረሻ፣ የገረማቸው በሚመስል ድምፅ፣ "ጀርባህን ሰጥተህ፣ በአንድ እጅህ ልትቀበለው ኖሯል?"

ዱላውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ጠላ አስቀዱልኝ፤ ስለ እናቴ ጤና ጠየቁኝ። በማግሥቱ ሣር አስጭኜ ሰው ይዤ መጣሁና ጣራውን ከደንን፤ ሁለት ቀን ፈጀብን። ስሰናበታቸው እስከ አጥሩ ድረስ ሸኙኝ። በቅሎዋን ይዤ ጎንበስ አልኩላቸው።

"እደግ" አሉኝ፣ እጃቸውን ወደ ራሴ ዘርግተው።

ድምፁ የዲያቆኑ ድምፅ ነበር። በቅሎዋ ላይ ሳልወጣ እስከ ወንዙ ድረስ በእግሬ ሄድኩ።