የኩምሳ ጆሮና የአደሴ ጩኸት

ከአቃቂ ድልድይ ማዶ፣ ከባቡር ጣቢያው ወዲህ ባለችው የቆርቆሮ ጋራዥ ውስጥ አንድ ደንብ ነበር። ማን እንዳወጣው አይታወቅም፣ ደፍሮ የሚጥሰው ግን አልነበረም። አንድ መኪና ተፈትቶ፣ ተጠግኖ፣ ተገጥሞ ካበቃ በኋላ ሞተሩ ይነሣል። ያኔ መዶሻ የያዘ መዶሻውን ያስቀምጣል፣ ወሬ የጀመረ ይቆርጣል፣ ሻይ የሚጠጣም ብርጭቆውን እንደያዘ ይቆማል። ኩምሳ ከግድግዳው ላይ ክንድ የምታህል የወይራ ዱላውን ያወርድና አንዱን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ ሌላውን ጆሮው ላይ ደግፎ ዐይኑን ይጨፍናል። አንዳንዴ አንድ ደቂቃ፣ አንዳንዴ አሥር። «ትሂድ» ካለ ትሄዳለች። «ትፈታ» ካለ ደግሞ ባለቤቱ ቢለምን፣ ቢምል፣ ቢያኮርፍ እንደገና ትፈታለች። ይግባኝ የሚባል ነገር የለም።

የሚመጡለት መኪኖች ደግሞ፣ መኪና ከተባሉ ነው። ጣልያን ጥሏቸው የሄደ፣ ከዚያ ወዲህ አምስት ስድስት ጌታ የቀያየሩ፣ ኮፈናቸው በሽቦ የታሰረ አሮጌዎች ናቸው። ለእነዚህ ዕቃ ከየትም አይመጣም። ወይ ከሞተ መኪና ይነቀላል፣ ወይ እዚያው ይሠራል። ኩምሳ የውሃ ማሸጊያ ከበሬ ቆዳ ይቆርጣል፣ የተበላ የማርሽ ጥርስ ሞልቶ በሞረድ ያወጣል፣ የተሰበረ ብረት በላሜራ ሰፍቶ ያስነሣል። በሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት ይህን ሥራ ከያዘ ሃያ ስምንት ዓመቱ ነበር። አባቱ ጤፍ ይዘሩበት የነበረው ማሳ ፋብሪካ ሲተከልበት ወንድሞቹ ዘበኛና ሸማኔ ሆኑ። እሱ ግን ገና በጣልያን ጊዜ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ዕቃ አጣቢ ሆኖ ገብቶ ነበርና እዚያው ቀረ። ዱላዋንም ያወረሰው ያ ሽማግሌ ነው።

እንግዲህ ችግሩ የመጣው በዚችው በጆሮ በኩል ነው። ቀኙ መጀመሪያ ሄደ፣ ኩምሳም ዱላዋን ወደ ግራው አዞረ። ማንም አላስተዋለም። የግራው መድከም ሲጀምር ግን የሚያዞርበት ሌላ ጎን አልነበረውም። አንድ ጠዋት ቁርሱን እየበላ ሚስቱን አደሴን «ዛሬ ባቡሩ ምን ነካው? ቀረ እኮ» አላት። አደሴ ሳህን በእጇ እንደያዘች አየችው። ባቡሩ ከደጃቸው ሥር እየጮኸ ካለፈ ገና ሩብ ሰዓት አልሞላውም ነበር። ሌላ ሴት ብትሆን «ምን ሆነዋል?» ትል ይሆናል። አደሴ ግን ድምጿን ከፍ አድርጋ «ዘግይቶ ይሆናል የዲንቄ አባት» አለችው። ዲንቄ አግብታ ሞጆ የሄደች ልጃቸው ናት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አደሴ ድምጿን አላወረደችም። ባሏን በዘመኗ አንድም ቀን አንተ ብላው የማታውቅ ሴት «ይብሉ እንጂ! ካፖርትዎን ይደርቡ!» እያለች ግቢውን ታናጋው ገባች። ጎረቤት ምን ይበል? የግድግዳ ጎረቤታቸው አለሚቱ፣ በአንቱታ የምትቆጣ ሴት እንደ ጉድ ሆነችባትና ለመንደሩ አዳረሰችው። አደሴ በስተርጅና ጠባይዋ ተበላሸ፣ ያን ምስኪን መቆሚያ መቀመጫ አሳጣችው ተባለ። የማኅበር ሴቶች ፊት ነሷት። ለኩምሳ ደግሞ መንገድ ላይ ባገኙት ቁጥር ከንፈር ይመጥጡለታል። የሚሉትን ባይሰማም ከፊታቸው ያነበዋል፣ ምን ብለው እንደሚያስቡም ገብቶታል። ዝም አለ። እውነቱን ቢናገር ወሬው በማግስቱ ጋራዥ ይደርሳል፣ የማይሰማ ኩምሳን ደግሞ ማን መኪናውን ያምነዋል? ሚስቱ በክፉ ስም እየተነሣች የእሱ ስም ደህና ሆኖ ኖረ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሆነ፣ እኔ በበኩሌ በዚህ ነገር አላዝንለትም።

በዚያው በሃምሳ ሰባት፣ በጥቅምት፣ ታጁ መኪናውን ይዞ መጣ። ታጁ ከስልጤ የመጣ ነጋዴ ነው፣ አቃቂ ገበያ ላይ ሱቅ አለው። መኪናው ትሬንታ ኳትሮ ነበረች፣ ያቺ አፍንጫዋ ረዥም የጣልያን የጭነት መኪና። ጨውና አቡጀዲ ጭኖ እስከ ሞጆና ከዚያም አልፎ የሚዘልቀው በእሷ ነው። ሌላ መኪና የለውም፣ ለእሷም ሌላ ሞተር በአገር ውስጥ አይገኝም።

«ጋሽ ኩምሳ፣ ሆዷ ውስጥ ትንኳኳለች» አለ ታጁ። ጮክ ብሎ የሚናገር ሰው ስለሆነ ኩምሳ ይወደዋል።

ተፈታች። ፒስቶኑን ከሞተሩ ዘንግ ጋር በሚያገናኘው ክንድ ውስጥ ያለችው ለስላሳ ብረት፣ ብሮንዝ የሚሏት፣ ተበልታ አልቃለች። ኩምሳ እርሳስና ቆርቆሮ አቅልጦ አዲስ አፈሰሰ። ከዚያ ያ አሰልቺ ሥራ መጣ። ዘንጉን የኩራዝ ጥላሸት ይቀቡታል፣ ብሮንዟን አልብሰው ያዞሩታል፣ አውጥተው ጥቁር የነካትን ቦታ ብቻ ይፍቃሉ፣ እንደገና ይቀባሉ፣ እንደገና ያለብሳሉ። ሦስት ቀን ከመኪናዋ ሥር በጀርባው ተኝቶ ዋለ። ወገቡ እንጨት ሆነ፣ ጣቶቹ ደነዘዙ፣ በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ጎን ላይ ትንሽ አብዝቶ ሳይፍቅ አልቀረም። ድሮም እጁ የሚሳሳትበት ጊዜ ነበር። ጆሮው ግን ይይዝለት ነበርና «ትፈታ» ብሎ ያርመዋል።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ሞተሩ ተነሣ። መዶሻው ተቀመጠ፣ ወሬው ቆመ። ኩምሳ ዱላዋን አስደገፈና ዐይኑን ጨፈነ።

ምንም አልሰማም። ቀድሞ አንድ ነገር፣ ቢያንስ ከሩቅ የሚመጣ ጉርምርምታ ይደርሰው ነበር። ዛሬ ግን ጭጭ። ብታምኑም ባታምኑም መጀመሪያ የተሰማው ደስታ ነው። ሃያ ስምንት ዓመት ሞተር ሲያዳምጥ እንዲህ ያለ ጸጥታ ሰምቶ አያውቅም፣ በሕይወቱ ከሠራው ሁሉ ይህ ሳይበልጥ አይቀርም ብሎ አሰበ። ድካሙ እንኳ ቀለል አለው። ዐይኑን ገልጦ «ትሂድ» አለ።

ከዚያ ፀሐዩን አየው። ፀሐዩ የጋራዡ በያጅ ነው፣ ዐሥራ አምስት ዓመት አብሮት የሠራ የአርባ ዓመት ጎልማሳ። ፀሐዩ አንገቱን ደፍቶ የጫማውን ጫፍ ያያል። ታጁም ግንባሩን ቋጠር አድርጎ ወደ ሞተሩ፣ ከዚያ ወደ ኩምሳ አየና «አልሐምዱሊላህ፣ እርስዎ ካሉማ አለቀ» ብሎ ጋቢና ወጣ። ያ ጸጥታ የሞተሯ ሳይሆን የገዛ ጆሮው እንደሆነ ኩምሳ ያን ጊዜ ጠረጠረ። እጁን ዘርግቶ ኮፈኑን ቢነካ በመዳፉ ይሰማው ነበር፣ ይህንንም ያውቃል። አልነካም። ቢነካና ብትንኳኳ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ምን ሊል ነው? መኪናዋ ጭስ እያንቦለቦለች ወደ ደብረ ዘይት መንገድ ወጣች።

ከምሳ በኋላ ከደብረ ዘይት የመጣ የአውቶቡስ ረዳት መልእክት አደረሰ። የታጁ መኪና ዱከም ሳትደርስ ቆማለች። ኩምሳና ፀሐዩ የሚሄድ ጭነት መኪና ለምነው ተሳፈሩ።

ታጁ ከመኪናዋ ጥላ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኙት። ዘይቱ አስፋልቱ ላይ ፈስሶ አቧራ ጠጥቶታል። ኩምሳ ጎንበስ ብሎ አየ። ክንዱ ተበጥሶ የሞተሩን ግድግዳ በርግዶ ወጥቷል፣ ቀዳዳው ቡጢ ያስገባል። ሰው የሞተበት ያህል እጁን አፉ ላይ ጫነ።

ታጁ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻል ነበር። ተነሥቶ ኩምሳ ከንፈሩን ማንበብ እስኪችል ድረስ ቀረበና እንደ ልማዱ ጮክ ብሎ «ከጋራዥ ስወጣ ሰምቻት ነበር ጋሽ ኩምሳ» አለ። «ቋ ቋ ትላለች። ኋላ ግን እርስዎ ትሂድ ብለዋል፣ ጥፋቱ ከጆሮዬ ነው፣ ጆሮዬ ታሟል አልኩ። ነገ ሐኪም ቤት ልሄድ ሁሉ አስቤ ነበር።»

ኩምሳ ወደ ፀሐዩ ዞረ። «አንተስ? ሰምተሃል?»

ፀሐዩ መሬት መሬት እያየ አንድ ነገር ተናገረ።

«ቀና በልና ጮክ ብለህ ተናገር» አለው ኩምሳ።

«ሰምቻለሁ ጋሼ! እርስዎ ካሉ በኋላ ግን እኔ ምን አፍ አለኝ?»

አሁን በየትኛው ይፍረድ? አንዱ የገዛ ጆሮውን ጥፋተኛ አደረገ፣ አንዱ የገዛ አፉን ዘጋ፣ ሁሉም እሱን አክብሮ። ኩምሳ ታጁ በተነሣበት ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«አይሰማኝም» አለ። «ቀኙ ከሞተ ቆይቷል። ግራውም ይኸው ዛሬ ሞተ። ሁለት ዓመት ሳጭበረብራችሁ ነው የኖርኩት። ታጁ፣ መኪናህን የገደልኳት እኔ ነኝ።»

ታጁ እጁን የሞተሩ ቀዳዳ ላይ አሳረፈ። የቤቱ እንጀራ እዚያ ቆማለች። ወደ ኩምሳ ዞሮ «ትድናለች?» ብሎ ጠየቀ።

«ግድግዳዋን በላሜራ እሰፋዋለሁ። ክንዱን ከሞተ መኪና እፈልጋለሁ። ሦስት ወር ይፈጃል፣ ሌላ ሥራ አልይዝም። ሲያልቅ ግን የሚያዳምጣት ፀሐዩ ነው። ትፈታ ካለ፣ እኔ ብለምነውም ትፈታ።» ፀሐዩ በእሺታ ጭንቅላቱን ነቀነቀ፣ ከዚያ የሚጎትት መኪና ፍለጋ ወደ ዱከም ሄደ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ኩምሳ ቤቱ ደረሰ። የፋብሪካው ሠራተኞች ከፈረቃ ወጥተው መንገዱን ሞልተውታል፣ አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ ይስቃሉ። ለእሱ አንድም ድምፅ የለም። አደሴ ዘይት የነካውን ኮቱን አየችና ጭኗን በእጇ መታች። ከዚያ የአንገቷ ሥር እስኪገታተር ጮኸች። «ምን ሆነው ነው? ቀኑን ሙሉ የት ዋሉ? ምሳዎ ቀዘቀዘ እኮ!» ከዚያ ሁሉ ጩኸት ለኩምሳ የደረሰው ጭላጭ ብቻ ነበር። ሴትዮዋ ምን ያህል ጉሮሮዋን ስትቀድ እንደኖረች ያን ጊዜ በደንብ ገባው።

ዞር ሲል አለሚቱ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ «ዛሬም ጀመራት» በሚል ፊት ታያቸዋለች። ከኋላዋ ሁለት ሌሎች ሴቶች ቆመዋል። ኩምሳ ወደ አጥሩ ሄደ።

«አለሚቱ፣ ስሚኝ። እናንተም ስሙኝ። አደሴ ተቆጥታኝ አታውቅም። የማልሰማው እኔ ነኝ፣ ደንቁሬያለሁ። ለእኔ ስም ስትል ነው ስሟን ያስጠፋችው። እኔም እያወቅሁ ዝም አልኩ።»

አለሚቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አንድ ነገር አለች። ኩምሳ አልሰማም። እንደ ልማዱ እንደሰማ ሆኖ አንገቱን ሊነቀንቅ ነበር፣ ተወው። ወደ ሚስቱ ዞረ።

«ምን አለች አደሴ? ንገሪኝ እስቲ፣ እንደ ወትሮሽ ጮክ ብለሽ ንገሪኝ።»

አደሴ አፏን ከፈተች። ከንፈሯ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ እንባዋም ወርዶ አገጯ ላይ ደርሷል። አንድም ድምፅ አልደረሰውም። ድምጿ እምቢ ብሏት ይሁን የእሱ ጆሮ ጨርሶ ተዘግቶ፣ ኩምሳ መለየት አልቻለም።